ወንበር በክብ መደርደር ሕክምና አይሆንም

በአገራችን የአእምሮ ጤና ሥራ ውስጥ ማንም ሳይመረምረው የሚያልፍ አንድ እምነት አለ። አንድን ሰው ማማከር የቻለ ባለሙያ አሥር ሰውም በአንዴ ማማከር አያቅተውም ይባላል። ዲግሪው ካለ፣ የአምስት ቀን ሥልጠና ከተወሰደና ማኑዋሉ እጅ ከገባ የቡድን ሕክምና ለመምራት ሌላ ምን ያስፈልጋል? ይህ ጥያቄ በስብሰባ አዳራሽ፣ በፕሮጀክት ዕቅድ ውይይት፣ በመምህራን መካከልም ሲነሳ ሰምቻለሁ፤ የሚነሳውም መልሱ ያለቀለት ይመስል ነው። የሚያነሱት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ የወገናቸው ሥቃይ እንቅልፍ የነሳቸው፣ የባለሙያ እጥረት ያስጨነቃቸው ናቸው። ቢሆንም ተሳስተዋል። ቡድን መምራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ያልተማረው ሰው ሲመራው ታካሚ ይጎዳል፤ እኛም ይህን ሙያ በወጉ እያስተማርን አይደለም።

የእምነቱ ትልቁ ምርኩዝ ባህላችን ነው። "እኛ እኮ ድሮም አብሮ መኖር የምናውቅ ሰዎች ነን። ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን፣ ቡና አለን። ኀዘን ሲደርስ ድንኳን ተጥሎ መንደሩ በሙሉ ያለቅሳል። ቡድን ለእኛ ምን አዲስ ነገር ነው?" ይላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረትም ይከተላል።

ዕድርን የማቃልል ሰው አይደለሁም። የሞት ኀዘን የደረሰበትን ሰው ሳምንቱን ሙሉ ብቻውን አለመተው ብዙ አገሮች ያጡት ጸጋ ነው። ነገር ግን ሰው ዕድርተኛው ፊት የማያወርደው ሸክም አለ። ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ አሠሪዋ ምን እንዳደረጋት ቡና ላይ አታወራም፤ ቡናውን አብረዋት የሚጠጡት ሴቶች ነገ ስለ ትዳሯ የሚጠየቁ ናቸውና። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የተደፈረች እናት ሰንበቴ ላይ አትናገረውም። መጠጥ ያሸነፈው አባት ማኅበሩ ላይ ጽዋውን ተቀብሎ ዝም ይላል። ዕድር ጉልበት የሚያገኘው ሁሉም ሰው ስለሚተዋወቅ ነው። የሕክምና ቡድን ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው አባላቱ ከዚያች ክፍል ውጭ አንዳቸው በሌላው ኑሮ ላይ ሥልጣን ስለሌላቸው ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ያደረገ ባለሙያ በትንሽ ከተማ ውስጥ ጎረቤታሞችን አንድ ክብ ውስጥ ያስቀምጥና "እዚህ የሚነገር እዚህ ይቀራል" ብሎ ያልፋል። እሱ ለራሱ አፍ ዋስ መሆን ይችላል፤ ለሌሎቹ ስምንት አፎች ግን ዋስ የሚሆነው በምን አቅሙ ነው?

እንዲያውም ጥልቁን ምሥጢራችንን የምንናገርበት የቆየ ልማድ ካለ የንስሐ አባት ነው፤ እሱም የአንድ ለአንድ ነገር ነው። ገመናን በብዙ ሰው ፊት መግለጥ አልለመድነውም። ስለዚህ የአብሮነት ባህላችን የቡድን መሪውን ሥራ አያቀልለትም። በብዙ ሰው መካከል እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን እንደማይናገር፣ ምን እንደማይነሳ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቃለንና፣ ይህን ሁሉ ዕውቀት ይዘን ነው ክቡ ውስጥ የምንገባው። የስልሳ ዓመት ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያወራ የሃያ ዓመቷ ልጅ አታቋርጠውም። መሪው ካላቋረጠላት እስከ መጨረሻው ሳታወራ ትሄዳለች፤ ሰውየው ሳይዋረድ እንዴት እንደሚቋረጥ ማወቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ በማኑዋል ገጽ ላይ አይገኝም።

ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው መሪው ራሱ ነው። እኛ ባለሙያዎች ያደግንበት የመሪነት መልክ ሁለት ነው፤ ሽማግሌና መምህር። ሽማግሌው ይመክራል፣ ይፈርዳል፣ ያስታርቃል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ይጠይቃል፣ ያርማል። አባላቱም "እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ እርስዎ ይንገሩን እንጂ" ብለው ወንበሩን ይሰጡታል። ወንበሩን የተቀበለ ቀን ቡድኑ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ተናጋሪና ብዙ አድማጭ ነው። ጥያቄውን ሳይሸሽም ሳይመልስም ወደ ክቡ የሚመልስ፣ ዝምታን ሁለት ደቂቃ ሙሉ የሚታገሥ፣ ምክር ምላሱ ላይ ደርሶ የሚውጥ ሰው በተፈጥሮ አይገኝም። እንዲህ ያለው ሰው የሚሠራው በልምምድ ነው።

የቡድን ሕክምና ታሪክ ራሱ ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1905 ጆሴፍ ፕራት የተባለ የቦስተን ሐኪም የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ሕሙማኑ ድሆች ነበሩ፤ ሳናቶሪየም ገብተው የመታከም አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ሥራው ከእጥረት ተወለደ፤ ይህን የሚያነሱልኝ ሰዎች እውነት አላቸው። ግን ታሪኩ እዚያ አልቆመም። ጃኮብ ሞሬኖ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ኖርዝፊልድ የጦር ሆስፒታል የሠሩት ዊልፍሬድ ባዮንና ፎክስ፣ ኋላም ኧርቪን ያሎም ለአሥርት ዓመታት ያዩትና የጻፉት አንድ አቅጣጫ አለው። ሰውን የሚፈውሰው ከፊት የሚሰጠው ትምህርት ብቻ ሳይሆን በአባላቱ መካከል የሚሆነው ነገር ነው። አንዱ ሌላውን ሲሰማ፣ ሲቆጣው፣ ሲያፍርበት፣ ሲታረቀው በዚያች ክፍል ውስጥ ኑሮው ራሱ ይደገማል፤ የመሪው ሥራ ያንን አይቶ መያዝ ነው። እኛ አገር "የቡድን ሕክምና" ተብለው ከሚካሄዱት ብዙዎቹ ግን ገና 1905 ላይ ናቸው። ፍሊፕ ቻርት፣ ማርከር፣ "የጭንቀት ምልክቶች" የሚል ርዕስ፣ ከዚያ ሻይ።

በአንድ ከአረብ አገር ተመላሾች ማገገሚያ ፕሮግራም ላይ በታዛቢነት ተጋብዤ ያየሁትን ልናገር። አሥራ ስድስት ሴቶች በፕላስቲክ ወንበር በክብ ተቀምጠዋል። አወያይዋ ወጣት ሳይኮሎጂስት ናት፤ ቅን፣ ትጉህ፣ ማኑዋሉን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። የመጀመሪያው ቀን ነው። ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ ስትጠይቅ ሦስተኛዋ ሴት የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ስሟን ተናገረች፤ ከዚያ አልቆመችም። የተዘጋባትን ክፍል፣ የአሠሪዋን ወንድም፣ ከፎቅ ለመዝለል ያሰበችበትን ሌሊት ዘርዝራ ተናገረች። ግማሹ ክብ ማልቀስ ጀመረ። አንዷ ተነስታ ወጣች። አወያይዋ ፊቷ ተለዋወጠ፤ "አይዞሽ የኔ እህት፣ ያለፈው አልፏል፣ አሁን አገርሽ ገብተሻል" አለቻት፤ ከዚያ ገጹን ገልጣ ሁላቸውንም ወደ ትንፋሽ ልምምድ አስገባቻቸው። መጨረሻ ላይ የመገኛ ፎርም ተፈረመ፣ ትራንስፖርት ተከፈለ። ያቺ ሴት በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም። በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው 16 ተሳታፊዎች የቡድን ሕክምና አገኙ የሚል ነበር።

ወጣቷን አልወቅሳትም፤ ማንም ያላስተማራትን ነገር ነው ያላደረገችው። የሠለጠነ መሪ አስቀድሞ እያንዳንዷን ሴት ለብቻዋ አግኝቶ ያናግር ነበር፤ ይህች ሴት ለቡድን ዝግጁ መሆኗን፣ አለመሆኗን ያኔ ይለያል። አሥራ ስድስት ሰው አንድ ላይ አያስቀምጥም፤ ሰባት፣ ስምንት ይበቃዋል። በመጀመሪያው ቀን አንዷ ሁሉንም ልታወጣ ስትል፣ ዛሬ የተናገረች ነገ በኀፍረት እንደምትቀር ስለሚያውቅ፣ በርጋታ ያዘገያታል፤ "ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁሉንም ዛሬ መናገር የለብሽም፤ እስካሁን የተናገርሽውን ሰው እንዴት እንደሰማሽ እንይ" ይላታል። ከዚያ ወደ ክቡ ዞሮ "ስትሰሟት እናንተ ውስጥ ምን ሆነ?" ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ሴትየዋ ከዚያች ክፍል የምትወጣው ብቻዋን ራቁቷን ሆና አይደለም፤ ሌሎች ሁለት ሦስት ሴቶች "እኔም" ብለዋታል። በእነዚህ ሁለት ውሎዎች መካከል ያለው ልዩነት የአወያይዋ ደግነት አይደለም። ደግነቱማ ነበራት።

"ጉዳት" የሚለው ቃል የተጋነነ የሚመስለው ሰው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ጥናት ያስታውስ። ያሎምና ሊበርማን 209 ተማሪዎችን በ18 ቡድኖች ተከታተሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን በድምሩ 30 ሰዓት ተገናኘ። እስከ መጨረሻው ከቆዩት 170 ተማሪዎች መካከል 16ቱ ከቡድኑ በመጣ ከባድና ዘላቂ ጉዳት እንደተጎዱ በክትትሉ ተረጋገጠ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ታተመ። እነዚህ በሽተኞች አልነበሩም፤ ጤነኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። መሪዎቹም ጀማሪዎች አልነበሩም፤ በጊዜው የታወቁ ነበሩ። ብዙ ጉዳት የደረሰው በእሳታማዎቹ፣ ሰውን በሚማርኩት፣ አባላቱን ቶሎ እንዲገልጡና እንዲፋጠጡ በሚገፉት መሪዎች እጅ ነው። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ሌላው ግኝት ነው። ማን እንደተጎዳ ለማወቅ የሚሻለው መንገድ አባላቱን መጠየቅ ሆኖ ተገኘ፤ መሪዎቹ በአብዛኛው አላወቁም። ልምድ ያላቸው መሪዎች ፊታቸው የተቀመጠውን ጉዳት ካላዩ፣ ማንም አጠገቡ የሌለ፣ ሥራውን የሚያይለት ሰው የሌለው ጀማሪ እንዴት ያያል? "እስካሁን ምንም ችግር አልገጠመንም" የሚል የፕሮጀክት ሪፖርት ባነበብኩ ቁጥር ይህ ጥናት ይታወሰኛል።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ልምጣ፤ ሳያነሱት ማለፍ አግባብ አይደለምና። "ዩጋንዳስ?" ይሉኛል። እውነት ነው። ፖል ቦልተንና ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ በ30 መንደሮች ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት የዓለምን አስተሳሰብ ለውጧል። ሐኪም ያልሆኑ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ የአካባቢው ሰዎች ሁለት ሳምንት ሠልጥነው በግለሰቦች ግንኙነት ላይ ያተኮረውን የቡድን ሕክምና ለ16 ሳምንት መሩ። ሕክምናውን ያገኙት ዘንድ የድብርት መጠን ከ86 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ወረደ፤ ያላገኙት ዘንድ ከ94 በመቶ ወደ 54.7 በመቶ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ሕክምና በመመሪያ መልክ አውጥቶታል። እንግዲህ ሁለት ሳምንት በቃ ማለት ነው?

ጥናቱን የሚጠቅሱልኝ ሰዎች ሁለቱን ሳምንት ብቻ ያነሳሉ። ከሁለቱ ሳምንት በፊት ተመራማሪዎቹ የመንደሩ ሰው ራሱ የኀዘንን በሽታ በምን ስም እንደሚጠራውና እንዴት እንደሚገልጸው አጥንተዋል። የሚታከመው ችግር አንድ ነበር፤ ድብርት። ዘዴው አንድ ነበር፤ በጥብቅ የተወሰነ። ቡድኖቹ የወንድ ለብቻ፣ የሴት ለብቻ ነበሩ፤ መሪውም ከአባላቱ ጋር አንድ ጾታ ነበረው። ከሥልጠናውም በኋላ መሪዎቹ ብቻቸውን አልተተዉም፤ ሥራቸውን ከሚያይ ሰው ጋር እየተገናኙ ነው ያን ሁሉ ሳምንት የዘለቁት። እኛ የምንወስደው ግን የሥልጠናውን ርዝመት ነው፤ እሱንም አሳጥረን። አምስት ቀን እናደርገዋለን፣ በቲኦቲ (አሠልጣኝን በማሠልጠን) መልክ ወደ ታች እናወርደዋለን፤ የሠለጠነው በሦስት ቀን ሌላውን ያሠለጥናል፣ ያም በሁለት ቀን። ከዚያ የድብርት ዘዴውን ለተደፈሩት፣ ለሱሰኞች፣ ለተፈናቃዮች፣ ለሁሉም እንዘረጋዋለን። ክትትሉ ደግሞ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ የሚመጣ የቼክሊስት ጉብኝት ይሆናል። የዩጋንዳ ጥናት የኔን ክርክር አያፈርሰውም፤ ዲግሪ የሌለው ሰው እንኳ ቢሆን ከተያዘና ከተደገፈ ቡድን መምራት እንደሚችል ነው የሚያረጋግጠው። ብቻውን የተጣለ ዲግሪ ያለው ሰው ይችላል አይልም።

እጥረቱን አውቀዋለሁ። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ነው፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመርነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ለብዙ ዓመታት አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ብቻውን የአገር ሸክም ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ለእያንዳንዱ ሰው አማካሪ ማቅረብ የሚቻል አልነበረም። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላም አይቻልም። ቡድን ያስፈልገናል፤ ይህን የምጽፈው ቡድን ስለሚያስፈልገን ነው። ነገር ግን እጥረትን ለሥልጠና ማሳጠሪያ ምክንያት የሚያደርግ ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል፤ አንድ ለአንድ ሲሳሳቱ የሚጎዳው አንድ ሰው ነው፤ ቡድን ላይ ሲሳሳቱ ስምንት ነው። ስምንቱም ወደ መንደራቸው ተመልሰው "ሞክሬዋለሁ፣ አይረባም" ይላሉ። ያንን የተሰበረ እምነት መጠገን ሥልጠናው ከሚፈጀው በላይ ጊዜ ይፈጃል።

የጦርነቱ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ አለው፤ ብዙ ሰው መናገር የማይፈልገው። ዛሬ አንድ ከተማ ውስጥ የሚሰበሰብ ቡድን አባላት የተለያየ ወገን በደል የደረሰባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። አንዷ የምታለቅስለት ልጇ የሞተው የሌላዋ ወንድም በተሰለፈበት ግንባር ነው። መሪውም ከሰማይ አልወረደም፤ እሱም ወገን አለው፣ እሱም የቀበረው ሰው አለ፣ ስሙና አነጋገሩ ከየት እንደመጣ ይናገራል። በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ሰው የሌላውን ወገን ስም ጠርቶ ሲሳደብ መሪው ደሙ ይፈላል ወይም በፍርሃት ይደርቃል። ያን ጊዜ በራሱ ውስጥ የሆነውን ማወቅ ካልቻለ፣ ቡድኑ አንዱን ሰው መርጦ የበደል ሁሉ ማራገፊያ ሲያደርገው ዝም ብሎ ያያል፤ ይባስ ብሎም ሳያውቀው ያግዛል። ይህን የራስ ውስጥ ንባብ ፓወር ፖይንት አያስተምርም። ሰው የሚማረው እሱ ራሱ በቡድን ውስጥ አባል ሆኖ ተቀምጦ፣ ተቆጥቶ፣ አፍሮ፣ ዝም ብሎ፣ በኋላም ሌሎቹ ያዩበትን ሲነግሩት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ቡድን የሚመራ ሰው መጀመሪያ የቡድን አባል ይሁን፤ አንድ ቀን ለናሙና ሳይሆን የሥልጠናው ዘመን እስኪያልቅ። ለንደን ያለው የቡድን ትንተና ተቋም ሠልጣኞቹን ለዓመታት በሕክምና ቡድን ውስጥ የሚያስቀምጠው ትርፍ ገንዘብ ስላለው አይደለም። ቀጥሎ ሠልጣኙ ልምድ ካለው ሰው ጎን ረዳት መሪ ሆኖ ይቀመጥ፤ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላም በሩ ተዘግቶ "እሷ ስታለቅስ አንተ ለምን ወደ ሰዓትህ አየህ?" ተብሎ ይጠየቅ። በአሜሪካ የቡድን ሕክምና ባለሙያ የሚል የምስክር ወረቀት የሚፈልግ ሰው፣ ቀድሞ የሙያ ፈቃድ ያለው ሆኖ፣ 300 ሰዓት ቡድን መምራትና 75 ሰዓት ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ሥራውን በሚያይለት ባለሙያ መታየቱን፣ ማሳየት አለበት። የክፍል ትምህርቱ ከዚህ አጠገብ በጣም ትንሽ ነው። ክብደቱ የት እንዳለ ከዚህ ይታያል። የኛ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ የቡድን ምክር የሚባል ኮርስ ይወሰዳል፣ ፈተና ይታለፋል፣ ተማሪው በሕይወቱ አንድም ቡድን ሳያይ ይመረቃል።

"ሱፐርቫይዘሩ ከየት ይመጣል?" ለሚለው መልስ አለኝ። ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ፤ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በጎንደር። በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ለዓመታት በቡድን ሕክምና የሠሩ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎችም አሉ፤ አገራቸውን ለማገዝ ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋበዙት የአንድ ሳምንት ዎርክሾፕ እንዲሰጡ ነው። የዎርክሾፑን ሳምንት ትተው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት በስልክ ወይም በቪዲዮ ስድስት መሪዎችን ዓመቱን ሙሉ ቢያዳምጡ ይሻላል። ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለአበልና ለባነር የሚወጣው ገንዘብ ይህን ይሸፍናል። ሥልጠናው ለሁለት መቶ ሰው ሳይሆን ለሃያ ሰው ይሁን፤ ሃያዎቹ ከሁለት ዓመት በኋላ በእርግጥ የሚችሉ ይሆናሉ፤ እነሱም አጠገባቸው ረዳት አስቀምጠው ሌላውን ያሳድጋሉ።

በጀት የምትፈርሙ፣ ፕሮጀክት የምታጸድቁ፣ ሥርዓተ ትምህርት የምትቀርጹ ሰዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ "የቡድን ሕክምና ለ500 ተጠቃሚዎች" የሚል ዕቅድ ሲቀርብላችሁ የሥልጠናውን ቀናት ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ይህ መሪ ቡድኑ በተበተነ ማግስት ስለሆነው ነገር የሚያወራው ከማን ጋር ነው? ዕቅዱ ላይ የሰው ስምና የተቆረጠ ሰዓት ካለ ፈርሙ። ከሌለ ስብሰባው የጤና ትምህርት ተብሎ ይካሄድ፤ እሱም ጥቅም አለው፤ ተሳታፊዎቹም ቁስላቸውን እንዲገልጡ አይጠየቁ።